የስኳር በሽታ በገጠር፤ ከምርመራው ቀን በፊትና በኋላ

«የስኳር በሽታ የከተማ ሰውና የሀብታም በሽታ ነው፤ እኛ ስኳር ከየት አግኝተን ነው የሚይዘን?» የሚለውን አነጋገር በገጠር ቁምስናዎች ያልሰማ ካቴኪስት ያለ አይመስለንም። በሽታው በስሙ ምክንያት ከጣፋጭ ነገር ጋር ተቆራኝቶ ስለሚታሰብ፣ ቡናውን በጨው የሚጠጣ ገበሬ ራሱን ከዚህ ሕመም ነፃ አድርጎ ቢቆጥር የሚያስደንቅ አይደለም። ይሁን እንጂ በዚሁ አስተሳሰብ ምክንያት ሕመማቸው በጊዜ ሳይታወቅላቸው የሚሞቱ ሰዎች አሉ፤ ሕፃናትና ወጣቶችም ከእነርሱ መካከል ናቸው። ስለዚህ በዚህ ዕትም የትምህርት ዓምዳችን የበሽታውን ምንነት በአጭሩ ካስረዳን በኋላ፣ አንዳንድ ቁምስናዎች ሊያደርጉት ስለሚያስቡት የደም ስኳር ምርመራ የምናስበውን በስፋት እንገልጻለን።

በሽታው ምንድን ነው?

የምንበላው እንጀራም ሆነ ቆጮ፣ ቂጣም ሆነ ንፍሮ በሆድ ውስጥ ከተፈጨ በኋላ አብዛኛው ክፍሉ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ወደ ደም ይገባል። ይህ ስኳር ከደም ወጥቶ ለልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች እንዲታደል የሚያደርገው ኢንሱሊን የተባለው ንጥረ ነገር ነው፤ እርሱም የሚመነጨው ከጨጓራ በስተጀርባ ከሚገኘው ቆሽት ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ ወይም ኃይሉ ሲደክም ነገሩ ወጡ ተሠርቶ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ አሳላፊ የታጣበትን የድግስ ቤት ይመስላል። ምግቡ በጓዳ ተትረፍርፎ ሳለ እንግዳው በዳስ ውስጥ ይራባል። በሕመምተኛውም ደም ውስጥ ስኳር ይከማቻል፤ ሰውነቱ ግን ይከሳል። የተረፈው ስኳር በሽንት በኩል ሲወጣ ውኃን አስከትሎ ስለሚወጣ ሕመምተኛው ሽንት ያበዛል፤ ሽንት ስላበዛም ያለማቋረጥ ይጠማል። የጥንት ሕንዳውያን ሐኪሞች በእንዲህ ያለው ሽንት ላይ ጉንዳን መሰብሰቡን አይተው በሽታውን «የማር ሽንት» ብለው ሰይመውት ነበር።

ሐኪሞች በሽታውን በዓይነት ይከፍሉታል። አንደኛው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ በልጅነትና በወጣትነት የሚጀምር ሲሆን፣ ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን ከሞላ ጎደል ያቆማል። ይህ ሰው ያለ ኢንሱሊን መርፌ ሊኖር አይችልም። ሁለተኛው ዓይነት ይበልጡን በጎልማሶችና በአረጋውያን ላይ ቀስ እያለ የሚመጣ ነው፤ ከሰውነት ውፍረት፣ ከእንቅስቃሴ ማነስና ከዘር ጋር ይያያዛል፤ ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ሊቆይም ይችላል። በእርግዝና ጊዜ የሚታይ የስኳር መጨመርም አለ፤ ከወሊድ በኋላ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል፤ ሆኖም እናቲቱ ወደፊት በሁለተኛው ዓይነት የመያዝ ዕድሏ ከሌሎች ሴቶች ከፍ ያለ ስለሆነ ክትትል ያስፈልጋታል።

አሁን የምንናገረው ግን ለገጠር አንባቢያችን ልዩ ትርጉም ያለው ነው። በጎንደር ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና የሥራ ባልደረቦቻቸው ከብሪታንያ ሐኪሞች ጋር ሆነው ባደረጉት የብዙ ዓመታት ሥራ፣ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕመምተኞች መካከል ብዙዎቹ ከሲታዎች፣ ድኾችና ወጣት ወንዶች እንደሆኑ አስተውለዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናትም፣ በልጅነት የደረሰ የምግብ እጥረት ቆሽትን ሳይጎዳ እንዳልቀረ በማመልከት ጉዳዩ እንደገና እንዲመረመር ጠይቀዋል። እንደገና ያሉበት ምክንያት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ የሚል ክፍል አውጥቶ ነበር፤ በ1999 ግን ማስረጃው በቂ አይደለም ተብሎ ከዝርዝሩ ተሰረዘ። ክርክሩ ከዚያ በኋላ ቀጥሎ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ይህን ሕመም «አምስተኛው ዓይነት» በሚል ስም ተቀብሎታል። እንግዲህ «ሀብታም አይደለሁምና አይዘኝም» ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ አያስፈልገውም። ረኃብ ያሳለፈ አካልም ይታመማል።

ምልክቶቹና የሚያሳስቱ ነገሮች

ያለማቋረጥ የሚመጣ የውኃ ጥም፣ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት መነሣት፣ እየበሉ መክሳት፣ ድካም፣ የዓይን መፍዘዝ፣ ቶሎ የማይድን ቁስል፣ በብልት አካባቢ የሚመላለስ ማሳከክ፣ የእግር መደንዘዝ፤ እነዚህ ሁሉ ሰውን ወደ ምርመራ ሊወስዱት ይገባል። ችግሩ እነዚህ ምልክቶች በገጠር ሌላ ስም የሚሰጣቸው መሆኑ ነው። በአጭር ጊዜ የከሳ ወጣት «የሳንባ ነቀርሳ ነው» ወይም «ያ በሽታ ይዞታል» እየተባለ ይታማል፤ ሐሜቱን ፈርቶም ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል። አልጋው ላይ ሽንት መልቀቅ የጀመረ የ8 ዓመት ልጅ ደግሞ ስንፍና ነው ተብሎ ይገረፋል። ከሁሉ የከፋው የመጨረሻው ደረጃ ነው። ኢንሱሊን ጨርሶ ሲጠፋ ደም በአሲድ ይመረዛል፤ በዚያን ጊዜ ሕፃኑ ሆዱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል፣ ከአፉም የበሰለ ፍሬ የሚመስል ሽታ ይወጣል፣ በመጨረሻም ራሱን ይስታል። ይህን ያየ ቤተሰብ ወባ ነው፣ ቡዳ በላው፣ ጋኔን ያዘው ሲል ቀኑ ያልፋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚቆጠረው ሰዓት እንጂ ቀን አይደለም። በመንደሩ የሚገኝ ካቴኪስት አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ቢይዝ፣ ውኃ ሲጠማውና ሽንት ሲያበዛ የሰነበተ ልጅ ማስመለስ ከጀመረ በዚያው ዕለት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በቃሬዛም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት መድረስ እንዳለበት ይያዝልን።

ከ100 ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ በፊት ለእንዲህ ያለ ልጅ በዓለም ላይ መድኃኒት አልነበረም። በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርለስ ቤስት እ.ኤ.አ. በ1921 ኢንሱሊንን ከቆሽት ለይተው ካወጡ በኋላ፣ በጃንዋሪ 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያው ተወጊ ሆነ። ልጁ ከዚያ በኋላ 13 ዓመታት ኖሯል።

መለካት መልካም ነው፤ ግን ማንን? ከዚያስ?

ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 537 ሚሊዮን አዋቂዎች የስኳር በሽታ አለባቸው፤ በአፍሪካ ክፍለ ዓለም ካሉት ሕመምተኞች ደግሞ 54 በመቶ የሚሆኑት መታመማቸውን አያውቁም። ይህን ቁጥር የሰማ ቅን ሰው ሁሉ የመጀመሪያ አሳቡ «እንግዲያውስ መለኪያውን ይዘን ሕዝቡን ሁሉ እንለካ» የሚል ይሆናል። አሳቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ መለኪያው ከመገዛቱ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት እንላለን፤ ስኳሩ ከፍ ብሎ የተገኘበት ሰው በማግስቱ ወዴት ይሄዳል?

በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ አካባቢ የተደረገና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ትልቅ ጥናት ነበር። በሽታው ሊኖርባቸው ይችላል ተብለው የተገመቱ ሰዎች ለምርመራ ተጠሩ፤ ሌሎች ደግሞ ሳይጠሩ ቀሩ። 10 ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ሲታይ በሁለቱ ወገኖች መካከል በሞት ቁጥር ልዩነት አልተገኘም። ይህ ሕክምናው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ በሽታው የተገኘባቸው ሰዎች ከተጠሩት መካከል ጥቂቶች ነበሩ፤ በዚያም አገር ሰው ሐኪም ዘንድ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ስለሆነ ያልተጠሩትም በሌላ መንገድ ይታወቃሉ። የእኛ የገጠር ሁኔታ ከዚህ በእጅጉ ይለያል። ሆኖም ትምህርቱ ይጠቅመናል፤ ጣት መውጋት ብቻውን ነፍስ አያድንም። ከመለካቱ በስተጀርባ የሚያክም እጅ፣ የማይቋረጥ መድኃኒትና ተመላልሶ የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ነው ምርመራው ምርመራ የሚሆነው። መድኃኒት በሌለበት ቦታ 300 ሰው ለክቶ መሄድ፣ ለ10 ቤተሰብ ጭንቀትን አሸክሞ እንደ መሄድ ነው።

በጎንደርና በጅማ የተሠራው ሥራ በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራል። ቀደም ሲል የገጠሩ ሕመምተኛ ኢንሱሊን ለማግኘት ወደ ከተማው ሆስፒታል ረጅም መንገድ መጓዝ ነበረበት፤ የደከመውና ገንዘብ ያጣው በመንገድ ይቀራል። በኋላ ግን በገጠር ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሠልጥነው ሕመምተኛውን በአቅራቢያው እንዲከታተሉ፣ ከባዱን ጉዳይ ብቻ ወደ ሆስፒታል እንዲልኩ ተደረገ። ታላቅ መሣሪያ አልተተከለም፤ መንገዱ አጠረ፤ መዝገብ ተከፈተ፤ ቀጠሮ የሚያስታውስ ሰው ተገኘ።

ስለዚህ ምርመራ የሚያስብ ቁምስና አስቀድሞ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ ያነጋግር። ኢንሱሊንና እንደ ሜትፎርሚን ያሉት እንክብሎች በመጋዘን አሉ ወይ? ሲያልቁስ ከየት ይመጣሉ? ክትትሉን የሚይዘው ባለሙያ ማን ነው? እነዚህ ሳይመለሱ ቀን አይቆረጥ። በየቀበሌው ጤና ኬላ ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤቶቹን አንድ በአንድ ስለሚያውቋቸው ከእነርሱ ጋር ሳይመካከሩ መጀመር ሥራን በከንቱ ማብዛት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ባለበት ወረዳ ደግሞ፣ የስኳር ሕክምና የዕድሜ ልክ ወጪ እንደሆነ እያስረዱ ቤተሰቦች አባልነታቸውን እንዲያድሱ ማሳሰብ ከምርመራው ያላነሰ ጥቅም አለው።

ሁሉን ሰው መለካት አያስፈልግም። ከላይ የተናገርናቸው ምልክቶች ያሉበት ሰው በማንኛውም ዕድሜ ይለካ። ምልክት ከሌለው ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ዕድሜው 40 ለሞላ፣ ሆዱ ለሰፋ፣ የደም ግፊት ላለበት፣ ወላጁ ወይም ወንድሙ በዚህ በሽታ ለተያዘ፣ በእርግዝናዋ ስኳር ታይቶባት ለነበረች እናት ነው። የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰውም የስኳር ምርመራ እንዲደረግለት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 መክሯል፤ ስኳር ነቀርሳን ያበረታል፣ ነቀርሳም ስኳርን ያስቸግራልና። የደም ግፊትን በዚያው ሰዓት አብሮ መለካት ብዙ ጊዜ አይወስድም።

በባዶ ሆድ፣ ማለትም ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ ሳይበላ የተለካ ሰው በአንድ ዴሲ ሊትር ደም 126 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘበት በሽታው ሊኖርበት ይችላል። ከ100 በታች የሆነ ደኅና ነው፤ በመካከል ያለው ምክርና ክትትል ይፈልጋል። ምግብ በልቶ የተለካ ሰው 200 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ምልክቶቹም ካሉበት ሳይውል ሳያድር ይላክ። ምልክት የሌለበት ሰው ግን በአንድ መለኪያ ብቻ «ሕመምተኛ ነህ» አይባልም፤ በሌላ ቀን በጤና ጣቢያ ተደግሞ መረጋገጥ አለበት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መለካት ለዚህ አመቺ የሚመስለው ብዙ ምእመን ሳይበላ ስለሚመጣ ነው፤ ቢሆንም እያንዳንዱን መቼ እንደበላ መጠየቅ አይቅር። ደግሞም የእሑዱ ምርመራ የሙስሊሙን፣ የኦርቶዶክሱንና የወንጌላዊውን ጎረቤት እንዳያስቀር በቀበሌው አዳራሽ ቢሆን እንመርጣለን። የገበያ ቀን ሰው ይበዛል፤ ግን ሁሉም በልቶና ጠጥቶ ነው የሚገኘው።

ትንሽ የሚመስል ነገር እንጨምር። ጣቱ ሳይታጠብ የተለካ ሰው፣ በተለይም ማር የቆረጠ ወይም ፍራፍሬ የላጠ ከሆነ፣ ደሙ ደኅና ሆኖ ሳለ መለኪያው ከፍተኛ ቁጥር ያሳያል። በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ይድረቅ። ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ መውጊያ ያስፈልጋል፤ አንዱን መውጊያ ለሁለት ሰው መጠቀም ሌላ በሽታ ማዛመት ነው። የመለኪያው ወረቀት የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈበት፣ ዕቃውም ከፀሐይ የተሰወረና የተከደነ ይሁን።

ውጤቱ ደግሞ የሰውየው ነው። በአደባባይ ቁጥር እየጠሩ መናገር፣ ስምን በማስታወቂያ ላይ መለጠፍ፣ «ለእገሌ ጸልዩለት» ብሎ በጉባኤ መግለጥ ፈጽሞ አይገባም። ያላገባች ልጃገረድ ስኳር እንዳለባት በመንደር ቢሰማ የሚደርስባትን ሁላችንም እናውቃለን። በሽታው በመንካት፣ በአብሮ መብላት፣ በጽዋም ቢሆን እንደማይተላለፍ፣ መድኃኒቷን በሥርዓት የወሰደችና በሐኪም ክትትል ያለች ሴት አግብታ ልትወልድ እንደምትችል በትምህርት ጊዜ ደጋግሞ መናገር የካቴኪስቱ ድርሻ ነው።

ከሕመምተኛው ጋር መኖር

ኢንሱሊን የታዘዘለት ሰው ትንሽ ሲሻለው «ድኛለሁ» ብሎ መርፌውን ይተዋል። በአንደኛው ዓይነት ይህ ሞት ነው። ግራዋን፣ ሽፈራውን፣ አብሽን ቀቅሎ መጠጣት ኢንሱሊንን አይተካም። ጸሎትና ጸበልም መድኃኒትን የሚከለክሉ አይደሉም፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት የሚያስተምረውን ካቴኪስቶቻችን ያውቁታል፤ ቦታው ሲገኝ ያንብቡት። ጾምም እንዲሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስገድድም። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው መጾም ከፈለገ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ መርፌውን በራሱ ፈቃድ አይተው፣ መርፌ ወስዶም ምግብ አይከልክል። ይህን ሕመምተኛው ከካህኑ አፍ ቢሰማው ይረጋጋልና ካህናት ወንድሞቻችን ሳይጠየቁም እንዲናገሩ እንለምናለን።

ከጾሙ ይልቅ የሚያስፈራው ግን በክረምት፣ አዝመራ ሳይደርስ ጎተራ የሚራቆትበት ወቅት ነው። መርፌውን እንደ ወትሮው ወስዶ ምግብ ያጣ ሰው ስኳሩ ከልክ በላይ ይወርዳል፤ ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ቃሉ ይተሳሰራል፣ ያለ ምክንያት ይቆጣል፤ ያየው ሁሉ ሰክሯል ይላል። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ውኃ ወይም ማር ቶሎ ይሰጠው፤ ከዚያ ምግብ ይብላ። ራሱን የሳተ ከሆነ ግን በአፉ ምንም አይጨመርበት፤ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኝቶ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ሕመምተኛው በኪሱ ጥቂት ስኳር ወይም ከረሜላ ይዞ ቢወጣ፣ ለእርሻ ጓደኞቹም ቢነግራቸው ይበጀዋል።

ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ኢንሱሊን ከምድጃ በላይ ባለው ቆጥ ላይ ተሰክቶ የሚቀመጥበት ጊዜ አለ፤ ይህ መድኃኒቱን ያበላሸዋል። ሁለት የሸክላ ዕቃ ወስዶ ትንሹን በትልቁ ውስጥ ማስቀመጥ፣ በመካከላቸው አሸዋ መሙላትና አሸዋውን በየቀኑ ማርጠብ፣ ብልቃጡን በውስጠኛው ዕቃ አኑሮ በእርጥብ ጨርቅ መክደን ነው። ውኃው ሲተን ውስጡ ይቀዘቅዛል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር በሰሜን ኬንያ በሚገኘው ዳጋሃሌ የስደተኞች ሠፈር የቤቶችን ሙቀት ለክተው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ውስጥ ለ4 ሳምንታት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንዳላጣ አረጋግጠዋል። ስለዚህ «ማቀዝቀዣ የለህምና ብልቃጡን ወደ ቤትህ አትወስድም» መባል የለበትም።

እግርን በሚመለከት አጭር ነገር እንበል። ስኳር የቆየበት ሰው እግሩ ስለሚደነዝዝ እሾህ ቢወጋው፣ በብርድ ወራት እሳት ዳር ተቀምጦ ቢቃጠል አይሰማውም፤ ቁስሉ ሲሸት ነው የሚያውቀው። ማታ ማታ ሲታጠብ ልጁ ወይም ሚስቱ ውስጥ እግሩን በብርሃን ትመልከትለት። ባዶ እግሩን አይሂድ። ምግብን በተመለከተ ደግሞ ከቤተሰቡ የተለየ ማዕድ አያስፈልገውም፤ እንጀራውን ቀንሶ ጎመኑንና ሽሮውን ቢያበዛ፣ ጠጅና ለስላሳ መጠጥን ቢተው፣ አረቄን በተለይ በባዶ ሆድ ቢሸሽ፣ ከአቅሙ ጋር የተመጠነ ምክር ነው።

የዓለም የስኳር በሽታ ቀን በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14፣ በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ኅዳር 5 ቀን ይውላል። በዚያ ቀን ትምህርት ወይም ምርመራ ለማድረግ የሚያስቡ ቁምስናዎች ከመስከረም ጀምሮ ከጤና ጣቢያው ጋር ይነጋገሩ። በመርፌ የሚታከሙ ሕመምተኞች ያሉባቸው ቤቶችም ያገለገለውን መርፌ ክዳን ባለው ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ እያጠራቀሙ፣ ዕቃው ሲሞላ ለጤና ጣቢያው እንዲመልሱ ይነገራቸው፤ በማሳ ወይም በጓሮ የተጣለውን በባዶ እግራቸው የሚረግጡት ልጆች ናቸውና።